ከካርቶን የሚሠራ የዓድዋ ዘማች ልብስ፦ ጋሻው ተጠቀለለ፣ ፈረሱ አንገቱን ደፋ

የጀሞዋ እናት፣ የካቲት 6 ምሽት

እንደምን አመሻችሁ። ለልጁ በገዛ እጁ የበዓል ልብስ የሠራ ሰው ካለ ምክር እፈልጋለሁ።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ የዓድዋን ድል የሚያከብረው ከበዓሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 22 ነው። «ልጆች የአርበኛ ልብስ ለብሰው ይምጡ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ደብተሩ ላይ ተለጥፋ መጥታለች። ባለፈው ዓመት ተከራይቼለት ነበር። ለአንድ ቀን 700 ብር ከፈልኩ። ለምዱ ለአሥር ዓመት ልጅ የተሰፋ ስለነበር ጫፉን እየረገጠ ዋለና ተተረተረ፤ ለማስጠገኛ ሌላ 300 ብር ተጠየቅኩ። ዘንድሮ ልብሱን ቤት ውስጥ ከካርቶን እንሠራዋለን ብዬ ፎከርኩ። የፎከርኩት ልጄ ፊት ስለሆነ ማፈግፈግ አይቻልም።

መሆን የሚፈልገው ባልቻ አባ ነፍሶን ነው። አያቱ ታሪኩን ካጫወቱት ወዲህ ሌላ ጀግና አይሰማም። ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ጎፈርና ፈረስ ይፈልጋል። ባልቻ በዓድዋ የመድፈኞች አለቃ እንደነበሩ ስለሰማ መድፍም ጠይቆኝ ነበር፤ መድፉን በብዙ ድርድር አስቀርቼዋለሁ።

እስካሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ከሰፈራችን ባለሱቅ ሁለት የፓስታና አንድ የሳሙና ካርቶን ለመንኩ። ጎረቤቴ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተው ስለነበር ትልቁን ካርቶን ሰጡኝ። ጋሻውን ክብ አድርጌ ቆረጥኩና ከግድግዳ የተረፈ ቡናማ ቀለም ቀባሁት። ማታ ቀጥ ያለ ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ሳይከደን እንዳደረ እንጀራ ዙሪያው ተጠቅልሎ አገኘሁት። ለፈረሱ ደግሞ የፓስታውን ካርቶን ላይና ታቹን ቀድጄ ልጁን መካከል አቆምኩት። ሁለት እርምጃ ሲራመድ ካርቶኑ ጉልበቱ ላይ ይወርዳል። የፈረሱን አንገት በስኮች ደጋግሜ ብለጥፈውም ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይደፋል። ጎፈሩን ከምን እንደምሠራው ጭራሽ አላውቅም።

ያለኝ መሣሪያ መቀስ፣ ምላጭ፣ ስኮችና የእንጨት ኮላ ነው። ባንክ መስኮት ላይ እስከ 11 ሰዓት ስለምቀመጥ የምሠራው ማታ ማታ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። የቀረኝ 16 ቀን ነው።

የመንትዮቹ አባት፣ የካቲት 6 ሌሊት

እህቴ፣ እኔ የቤት ዕቃ ሠሪ ነኝ፤ ስለዚህ የምነግርሽ ስለ አንገቱ ብቻ ነው።

የካርቶኑን ጠርዝ ተመልከቺው። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል እንደ ቤት ቆርቆሮ የተሸነሸነ ሌላ ወረቀት አለ። ካርቶን በሽንሽኑ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ሽንሽኑን አቋርጠሽ ልጠፈው ብትዪ ግን ይታገልሻል። የአንቺ ፈረስ አንገቱን የደፋው ሽንሽኑ አግድም ስለሄደ ይመስለኛል። ጭንቅላትና አንገቱን በአንድ ላይ ሦስት ጊዜ ቁረጪ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ላይ ሽንሽኑ በአንገቱ ርዝመት ይሂድ፤ የመካከለኛው አግድም ይሁን። ጣውላ ስንደራርብ እኛም የአንዱን ጭረት ከሌላው ጋር እናጣላዋለን፤ ጥንካሬው ከጠቡ ነው የሚመጣው። ኮላውን በስሱ ቀቢና ሌሊቱን ከባድ ነገር ጫኚበት።

ሁለተኛው ነገር፣ አንገት ሥር ያስፈልገዋል። ከላይ ለጥፈሽ አትተዪው። ሃያ ሳንቲሜትር ያህል አስረዝመሽ ቁረጪውና በካርቶኑ ላይ በከፈትሽለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ከፊተኛው ግድግዳ ጋር ውስጥ ለውስጥ አጣብቂው። ያን ጊዜ ልጁ በጭንቅላቱ ቢይዘውም አይነቀልም። ይይዘዋል ደግሞ።

ካርቶን ካነሰሽ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ወይም ቆራሌው በሰፈራችሁ ሲያልፍ ጠይቂው። የማቀዝቀዣ ካርቶን ካገኘሽ አትለፊው፤ ሽንሽኑ ሁለት ድርብ ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ የካቲት 7 ጠዋት

ልጄ፣ መፎከርሽ ደግ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ ሙአለ ሕፃናት ለ31 ዓመት አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። በዚያ ሁሉ ዓመት ከካርቶን ያልሠራሁት የለም፦ ፀሐይ፣ ጎመን፣ ጥርስ፣ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስን ከነመስቀሉ ሠርቼ የለበሰው ልጅ ከደጁ አልወጣ ብሎ በመጋዝ ነው ያወጣነው። ስለዚህ ብትሰሚኝ ደስ ይለኛል፤ ረዘም ይላል፤ ቡናሽን አስቀርቢ።

መጀመሪያ ያቺ ወረቀት። ዓድዋ የዘመቱት ዘማቾች ናቸው። አርበኛ የምንለው በብዛት ከ1928 እስከ 1933 ጣሊያን ሁለተኛ በመጣ ጊዜ በዱር በገደል የተዋጋውን ነው። ጎፈሬ ያሳደጉት እነሱ ናቸው። ጎፈሬ ያደገ ጠጉር ነው፤ ጎፈር ግን ከአንበሳ ጋማ ተሠርቶ በራስ ላይ የሚደፋ ነው። ልጆቹን በየዓመቱ በሁለቱ መካከል እናደናግራቸዋለን። የአንቺ ልጅ የ1888 ሰው ስለሆነ ጎፈር ነው የሚፈልገው፤ እሱ እንደሚያውቀው ገብቶኛል፤ ለአንቺ ነው የነገርኩሽ።

ሁለተኛ፣ «ልጁ ከተኛ በኋላ» ያልሽው አልተስማማኝም። ምላጩን አንቺ ያዢ፤ ጋዜጣ መቅደድ፣ ማጣበቂያ መቀባት፣ ቃጫ መፍተል ግን የእሱ ሥራ ነው። በተኛበት የተሠራለት ልጅ ልብሱን ሲያይ ይፈራዋል፤ ወይም በአሥር ደቂቃ ያወልቀዋል። ይህን የምልሽ ሳያስነኩ የሠሩላቸው እናቶች በመድረኩ ሥር ቆመው «ልበስ እንጂ!» እያሉ ሲያለቅሱ ስላየሁ ነው።

አሁን ወደ ጋሻው። የተጠቀለለው በአንድ ወገን ብቻ ስለቀባሽው ነው። የረጠበው ወገን ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ያልተነካው ባለበት ይቀራል። ጠፍጣፋ ነገር ስትቀቢ ጀርባውንም በዚያው ቀን ቀቢው፤ ገና ትንሽ እርጥበት ሳለው በጋዜጣ መካከል አድርገሽ ምጣድ ጫኚበት። ለጋሻው ግን ይህም አያስፈልግሽም፤ ጋሻ መቼ ጠፍጣፋ ሆኖ ያውቃል? የጥንቱ ከጉማሬ ወይም ከጎሽ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ መካከሉ ያበጠ ነው፤ የመኳንንቱ ደግሞ በከፋይ ጨርቅና በብር ጌጥ ያጌጣል። ስለዚህ እብጠቱን እንሥራው።

ከጫፍ ጫፍ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ቁረጪ። ሲባጎ በሚስማር ላይ አስረሽ፣ በሌላው ጫፍ እርሳስ አስረሽ ብታዞሪው ትክክለኛ ክብ ይወጣል። ከዳር እስከ መካከሉ አንድ መስመር ቅደጂ። ሳታጥፊው በፊት ከመካከል ወደ ዳር አሥራ ሁለት ያህል መስመሮችን በማንኪያ ጀርባ ተጭነሽ አስምሪ፤ ሽንሽኑ እንዲሰበርና እሺ እንዲልሽ ነው። ከዚያ የተቀደደውን አንዱን ወገን በሌላው ላይ፣ ዳሩ ላይ 12 ሳንቲሜትር እስኪደራረብ ሳቢውና በኮላ አጣብቂው። መካከሉ ስምንት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ያብጣል፤ ስፋቱ ወደ 36 ይወርዳል፤ ለስድስት ዓመት ክንድ በቂ ነው።

በላዩ ላይ ጋዜጣ እየቀደዳችሁ በዱቄት ማጣበቂያ ለጥፉ። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጎላው እስኪጠፋ በጥብጪ። ሦስት ኩባያ ውሃ ሲፈላ የበጠበጥሽውን እያማሰልሽ ጨምሪበት፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ እንደ ወፍራም አጥሚት ሲሆን አውጪው። አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሪበት፤ ሻጋታ ያዘገያል። ቀዝቅዞ ነው ልጁ የሚነካው። አንዱን ድርብ ሳታደርቂ ሌላውን አትደርቢ። የካቲት ፀሐይዋ ደግ ናት፤ በረንዳ ላይ በአንድ ቀን ይደርቅልሻል።

እዚህ ላይ ጉዴን ልንገርሽ። አንድ ዓመት አሥራ ስምንት ጋሻ ሠርተን በዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ ደርድረን ሄድን። ጠዋት ስንመጣ አይጥ ሰባቱን ዳር ዳሩን ቦጭቆ አድሯል። ለካ የገነፋነው ለእሱ ነው! ጨው የጨመርነው ለሻጋታ እንጂ ለአይጥ እንዳልሆነ ያን ቀን ተማርኩ። ግድግዳ ላይ ስቀዪው። የባለሱቅ ካርቶንም ቤት ከማስገባትሽ በፊት በረንዳ ላይ አራግፊ፤ በሽንሽኑ ውስጥ በረሮ እንቁላል ይጥላል።

ለጌጡ የብስኩትና የቸኮሌት ብርማ ወረቀት አስቀምጪ፤ በጥፍርሽ አለስልሰሽ በጠባቡ ቆርጠሽ ለጥፊ። የቆርቆሮ ክዳን አትጠቀሚ፤ ይቆርጣል። መያዣው አሮጌ ቀበቶ ይሁን፤ በሁለት ቀዳዳ አስገብተሽ ከውስጥ ቋጥሪው። በግራ ክንዱ ነው የሚይዘው። ጎራዴው ደግሞ በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ። እንደ ፈረንጅ በግራ አታድርጊለት፤ ያገራችን ሰው በቀኝ ነበር የሚታጠቀው። ጫፉን ግን ክብ አድርጊው፤ ሠላሳ ጎራዴ የያዙ ሕፃናት በአንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ጎፈሩ ቀላል ነው። የልጁን ራስ ለኪ፤ በዚህ ዕድሜ 51 ወይም 52 ሳንቲሜትር ይሆናል። አራት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ከስስ ካርቶን ቁረጪ፤ ሽንሽኑ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ያለዚያ ግንባሩ ላይ ይሰበራል። ገበያ ሄደሽ ቃጫ ግዢ። ቃጫውን በቡና አተላ ግማሽ ሰዓት ቀቅለሽ አድርቂው፤ ከአንበሳ ጋማ እኔም አልለየውም። በጣት ውፍረት እየከፋፈልሽ ሲባጎ ላይ ቋጥሪና ሲባጎውን በወስፌ በበሳሽው ቀለበት ላይ ስፊው። ውስጡን በአሮጌ ካናቴራ ልበጂ፤ ቃጫ ያሳክካል፤ ያሳከከው ልጅ ደግሞ ጀግንነቱን ይረሳል።

ፈረሱን በተመለከተ የመንትዮቹ አባት ስለ አንገቱ ያለው ትክክል ነው። የሚወርደው ማንገቻ ስለሌለው ነው። ከአሮጌ ቦርሳ ሁለት ማንገቻ አውጪና ጀርባው ላይ እንዲጣረሱ አድርገሽ እሰሪው፤ ቀጥ ብለው ከወረዱ ከትከሻው ይንሸራተታሉ። ማንገቻው የሚገባበትን ቀዳዳ ከውስጥ በሌላ ቁራጭ ካርቶን ደግፊው፤ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ካርቶኑ ከጉልበቱ በላይ፣ ጭኑ መካከል ይቅር። የማያስፈልገውን ሁሉ ቆርጠሽ ጣዪ። እኔ ሁልጊዜ በሚዛን እመዝን ነበር፤ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ኪሎ ካለፈ አንድ ነገር ቀንሺ። ግላስ (የፈረስ ልብስ) እና ኮርቻ በጨርቅ አልብሺው፤ ቀለም ከመቀባት ይቀልላል። ልጓሙን ከመቀነት አድርጊለት፤ እርካቡን ተዪው፤ እግሩን ያጠላልፈዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ፈረሱ «አባ ነፍሶ» አይባልም። ፈረሱ ነፍሶ ነው፤ ባለቤቱ አባ ነፍሶ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ልጁ ፈረሱን በስሙ መጥራት ሲጀምር እንዴት እንደሚራመድ ታዪዋለሽ።

ከአሽዶድ፣ የካቲት 7 ቀትር

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ዘንድ፣ እስራኤል፣ ፑሪም የሚባለው የአይሁድ በዓል የሚውለው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ልጆች ሁሉ የፈለጉትን ለብሰው ነው የሚወጡት፤ እኔም በየዓመቱ ከካርቶን ጋር እታገላለሁ። የመምህርትን ምክር አንብቤ ተደንቄያለሁ፤ አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም፦ ሽንት።

ባለፈው ዓመት ልጄን አውቶቡስ አድርጌው ነበር። መብራት ነበረው፣ መስታወት ነበረው፣ የመንገድ ቁጥርም ጽፌበታለሁ። ከጀርባ በስኮች ዙሪያውን አጥብቄ ዘጋሁበት። ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ። አስተማሪዋ በመቀስ ቆርጣ አውጥታዋለች፤ ግን ዘግይታለች። ሳንደርስ ደግሞ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ስላልቻለ ሦስት ፌርማታ ያህል በእግራችን ሄደናል።

ስለዚህ እህቴ፣ ፈረሱን ልጁ ብቻውን ማውለቅ ይችል እንደሆነ ቤት ውስጥ አስለምጂው። የክፍሉን በርም ለኪ።

የመንትዮቹ አባት፣ የካቲት 7 ምሽት

የሽንቱ ነገር እውነት ነው፤ አሳቀኝ።

እኔ ለሁለት ሴት ልጆች አንድ ጣይቱ ብቻ ስላለች በየዓመቱ ጠብ ነው። ባለፈው ዓመት ለሁለቱም የካርቶን ዘውድ ሠርቼ አስታረቅኩ ስል የአንዷ ዘውድ በጣት ስለበለጠ ጠቡ ባሰ። ዘንድሮ ዘውዱን ትቼዋለሁ። እቴጌ በዓድዋው ውጊያ ዕለት ጥቁር ጥላ ይዘው እንደነበር ተጽፏል፤ ጥላ ደግሞ በቤታችን ሁለት አለ።

የጀሞዋ እናት፣ የካቲት 15 ምሽት

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳዘዙኝ አደረግኩ። ጋሻው አምሯል፤ መጋረጃ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አይጥ ቢመጣ እንኳ አራተኛ ፎቅ ነን። ቃጫውን በቡና አተላ ስቀቅል ሽታው ደረጃውን ሁሉ ሞልቶት ሁለት ጎረቤት ቡና ተፈልቷል ብለው መጡ። አፈላሁላቸው፤ ምን ላድርግ? ቃጫ ሲቋጥሩልኝ አመሹ።

የፈረሱ አንገት እንደተባልኩት ሦስት ድርብ ሆኖ ጸንቷል። ማንገቻውም ይዟል። ከነጋሻው 900 ግራም መዘነ፤ ቲማቲም የምመዝንበት ትንሽ ሚዛን ላይ ነው የመዘንኩት።

ችግሩ ቀለሙ ነው። እኔ ነጭ ወይም ዳማ ፈረስ አስቤ ነበር። ልጁን አብረህ ቀባ ስለው በረንዳ ላይ ከውሃ ታንከር የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም ይዞ መጣ። «ነፍሶ ሰማያዊ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ፈረስ የለም ስለው አንቺ አይተሽዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን አልተቀባም። ከእሁድ ጀምሮ እየተከራከርን ነው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳበት ቀን ስለሆነ አፈርኩ፤ ምን ይሻላል?

የመንትዮቹ አባት፣ የካቲት 15 ምሽት

ዳማ ቀቢው እህቴ። ታሪክ ነው የሚያከብሩት እንጂ የልደት በዓል አይደለም። ልጅ ያለውን ሁሉ ከሰማን መድፉም ሰማያዊ ሊሆን ነበር። ይህ ለባልቻ ክብር አይመጥንም።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ የካቲት 16 ጠዋት

የመንትዮቹ አባት፣ ስለ ሽንሽን የተናገርከውን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ይህን ግን አልቀበልም። ልጁ ስለ ጎራዴው፣ ስለ ጎፈሩ፣ ስለ ስሙ አልተሳሳተም። በስድስት ዓመቱ ባልቻ መድፈኛ እንደነበሩ የሚያውቅ ልጅ ስንት አለ? እናቱ ራሷ ፈረሱን አይታዋለች ወይ ብሎ መጠየቁ ደግሞ ከብዙ ትልልቅ ሰዎች የተሻለ የታሪክ ጥያቄ ነው።

ልጄ፣ ሰማያዊ ይቀባ። ግን የታንከሩ ቀለም የዘይት ቀለም ከሆነ አትንኩት፤ ይሸታል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከልጅ እጅም በጋዝ ካልሆነ አይለቅም። በውሃ የሚቀጥን ሰማያዊ ግዢለት። ግላሱን ቀይ ጨርቅ ብታደርጊለት ከሰማያዊው ጋር ያምራል። ለፎቶው ካሰብሽ ደግሞ ከሰላሳው ልጅ መካከል የአንቺን ሳትፈልጊ ታገኚዋለሽ።

የመንትዮቹ አባት፣ የካቲት 16 ቀትር

አንደበት ለመምህርት ነው የሰጠው። ዝም ብያለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

የጀሞዋ እናት፣ የካቲት 22 ምሽት

ዛሬ ዋለ። እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ፈረሱ ሰማያዊ ነበር። ታክሲ ውስጥ ስለማይገባ ልጁ ጋሻና ጎፈሩን ብቻ አድርጎ ተቀመጠ፤ ፈረሱን እኔ ጭኔ ላይ ያዝኩት፤ ጭንቅላቱ በመስኮት ወጥቶ ነበር። ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ። እየቀለደ መስሎኝ ስቄ ነበር፤ አልቀለደም፤ ከፈልኩ።

ግቢው ውስጥ ሌላ ፈረስ የያዘ ልጅ አልነበረም። መጀመሪያ ልጆቹ ቆመው አዩት። ከዚያ አንዱ ሰማያዊ ፈረስ የለም አለው። ልጄም «ስሙ ነፍሶ ነው» ብሎ ብቻ መለሰለት፤ ይህ እንዴት መልስ እንደሆነ አላውቅም፤ ልጁ ግን ዝም አለ። ሰልፉ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረ። ፉከራ ሲደርስ ያጠናውን ረስቶ የፈረሱን አንገት አቅፎ ቆመ፤ እኔም ከኋላ ሆኜ በአፌ ሳስታውሰው መምህርት ትዝ አሉኝና ተውኩት። ሽንት ቤት ብቻውን አውልቆ ሄዶ መጥቷል፤ ለአሽዶዷ እህቴ ይድረስልኝ።

የቀረው ከዝግጅቱ በኋላ ነው። ሲያዩት የነበሩት ሁሉ ልንጋልብ ብለው ተሰለፉ። አስተማሪዋ ተራ ያስያዘቻቸው መሰለኝ፤ እኔ ከወላጆች ጋር ስነጋገር ነበር። ስመለስ አንድ ጆሮው ተገንጥሏል፣ ጅራቱ የለም፣ የግራውን ማንገቻ ያ እርስዎ ደግፊው ያሉት ቀዳዳ ይዞት ቀርቷል፤ ያልደገፍኩት የቀኙ ግን እስከ ታች ተተርትሯል። ጎፈሩ ምንም አልሆነም። ልጄ አላለቀሰም፤ ጆሮውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይዞት መጥቷል።

ነገ በዓሉ ስለሆነ አያቱ ዘንድ እንሄዳለን፤ ፈረሱ ካልተጠገነ አልሄድም ብሏል። መምህርት፣ ከሳምንት በፊት የገነፋነው ማጣበቂያ ግማሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ በሳህን ተከድኖ አለ። ይሆነናል ወይስ ሌላ ልሥራ?

ጡረተኛዋ መምህርት፣ የካቲት 22 ምሽት

የሳምንቱን ጣዪው፤ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ለጆሮው ደግሞ ዱቄት አያስፈልግሽም፤ ለነገ አይደርቅም። ከሁለቱም ወገን ስስ ካርቶን ደግፈሽ በኮላ አጣብቂው፤ በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጠሽ አሳድሪው። ለማንገቻው በወስፌ ብሺና በሲባጎ ስፊው። ጅራቱን ከተረፈው ቃጫ፤ ያልተነከረውም ይሆናል።